የለቅሶ ድንኳን ዋጋ

ቆቦ ላይ ሰርግ የደገሰ ወይም ሰው የሞተበት ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የመይሙናን በር ነበር። ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ግቢዋን የማያውቅ የለም። የድንኳን ብረቶች በአጥሩ ጥግ ተጋድመዋል። የፕላስቲክ ወንበሮች በረንዳው ላይ አንዱ ባንዱ ተደራርበው ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ጎረምሳ ገብቶ ሊተኛባቸው የሚችል ብረት ድስቶች በአፋቸው ተደፍተው ዶሮ ይሰፍርባቸዋል።

ሥራውን የጀመረው ባሏ መንሱር ነው። መንሱር ለሰርግ ከሆነ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚከራከር ሰው ነበር። የሙሽራውን አባት ጫማ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል ይሉታል። እየሳቀ ይጠራል፣ እየሳቀ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ከጠራው ግማሽ ላይ ተስማምቶ ጄኔሬተሩን በምርቃት ይጨምራል። ለቅሶ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ዓይኑ ያበጠ ሰው በሩ ላይ ከቆመ ስሙን እንኳ አይጠይቅም፤ ወደ ጓሮ ዞሮ "አራጌ፣ ጫን!" ይላል፣ በቃ። አራጌ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ድንኳን ሲጭንላቸው፣ ሲተክልና ሲያፈርስ የኖረ ሠራተኛቸው ነው። ሐዘንተኛው ከተነሳ በኋላ የቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ዳኛ ከሰው የተዋጣውን በመሀረብ ቋጥሮ ያመጣል። መንሱር ሳያየው ኪሱ ይከተዋል። አንዳንዴ ደህና ነው፤ አንዳንዴ የጋሪ ኪራይም አይሸፍንም። መይሙና ስታጉረመርም፣

"ሟቹ ዋጋ አልጠየቀኝም፤ እኔ ማን ነኝና እነግረዋለሁ?" ይላታል።

ሰርጉ ለቅሶውን እየተሸከመ ቤቱ ኖረ።

ጦርነቱ ሲመጣ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ወንበሩ ሄደ፣ ጄኔሬተሩ ሄደ፣ ሸራው ሄደ፣ የእንጨት ቋሚዎቹ ማገዶ ሆኑ። መንሱር ስኳር ነበረበት። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒቱ ከከተማው ሲጠፋ መጀመሪያ ዓይኑ ፈዘዘ፣ ከዚያ እግሩ ቆሰለ፣ ከዚያ አልተነሳም። ያን ሰሞን ከመይሙና ጎን ያልተለየችው ብዙነሽ ናት። ብዙነሽና መይሙና አጥር ለአጥር ናቸው፤ አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም፣ ቅሬያቸው ግን አንድ። የብዙነሽ ልጅ ይርጋና የመይሙና ልጅ ነሲባ በሁለቱም እናቶች ጀርባ ተራ በተራ ታዝለው ያደጉ ናቸው። ብዙነሽ በዚያ የረሃብ ወር ለክፉ ቀን ብላ ጉድጓድ የቀበረቻትን ማሽላ አውጥታ ቀቅላ የመንሱርን ለቀስተኛ አበላች። መይሙና ይህን ለሰው ስትናገር ድምጿ ይሰበራል።

ሰላም ሆነ ሲባል መይሙና ወርቋን ሸጠች። ሸራ ከደሴ አሰፋች፣ ወንበር በጥቂት በጥቂቱ ገዛች፣ አራጌን ጠርታ "እንደ ድሮው" አለችው። እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ሌላ ተኩስ መጣ። ከመሸ መንቀሳቀስ ቀረ፤ ሰርግ የምሳ ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ቆይቶ ምሳውም ቀረ። ወጣቱ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ያገባውም ዓረብ አገር ካለችው ጋር በስልክ ኒካህ አስሮ ዝም ይላል። የማይቀረው ለቅሶ ብቻ ነበር። ድንኳኑ ከአንዱ ቤት ሳይታጠፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። የራያ ፀሐይ ሸራውን እንደ አሮጌ ነጠላ አሳሳው፤ ከሥር ቀና ብሎ ያየ ሰማዩን በቀዳዳው ይቆጥራል። ከለቅሶ የሚመጣው መሀረብ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀለለ ሄደ። ሰው ሰስቶ አይደለም፤ የሚያዋጣው ራሱ ትናንት የቀበረ ነው።

ነሲባ በአካውንቲንግ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። ወልድያም ደሴም ማመልከቻ አስገብታ መልስ የሰጣት የለም። የልብ ጓደኛዋ ትርሲት ባሕሩን ተሻግራ ጅዳ ከገባች ወዲህ የነሲባ ስልክ ከእጇ አይወርድም። እናትየው የሚያወሩትን ባትሰማም ታውቀዋለች። ልጅቱ አንድ ቀን ጠዋት አልጋዋን አንጥፋ እንዳትጠፋባት እየፈራች፣ በየማለዳው ከሱብሂ ሰላት በኋላ በበሩ ቀዳዳ አጮልቃ ታያታለች።

ኢንተርኔቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲመለስ ነሲባ አንድ ሐሳብ አመጣች። ለሥራው ዌብሳይት ልሥራለት አለች። መይሙና ምን እንደሆነ በደንብ ባይገባትም ልጇ ከአልጋዋ ተነስታ ፊቷን ታጥባ አንድ ነገር ስትይዝ በማየቷ ብቻ "ሥሪው፣ አላህ ይርዳሽ" አለቻት። ነሲባ ወንበሮቹን አሳጥባ፣ ድንኳኑን ግቢ ውስጥ አስተክላ ፎቶ አነሳች። ስሙን በአባቷ አደረገችው፦ "መንሱር የድንኳንና የዕቃ ኪራይ"። መይሙና የባሏን ስም ስልኩ ላይ ስታይ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ለሰርግና ለስብሰባ ዋጋ መጻፉ አላስቸገረም። ገበያ ላይ አንዳንዱ "ዋጋሽን አደባባይ አታውጭ፤ ግብር የሚተምነውም፣ መዋጮ የሚጠይቀውም ያየዋል" ቢላትም፣ ነሲባ ቢሮዎች ፕሮፎርማ የሚሰበስቡት ዋጋው ከተጻፈበት ነው ብላ አሳመነቻት። የቀረው አንድ መስመር ነው። ነሲባ ስልኩን ይዛ መጥታ ድስት የምታጥበው እናቷ ጎን ቁጢጥ አለች።

"እማ፣ የለቅሶው ባዶ ነው። ምን ልበል?"

"ባዶውን ተይው።"

"ባዶ ከሆነ ነጻ ነው ይላሉ።"

"ይበሉ። አባትሽ ስንት ጊዜ ተናገረ?"

"አባቴ ሰርግ ነበረው እማ። እኛ ምን አለን? የሚጠራን ለቅሶ ብቻ ነው። ሸራውን እይው እስቲ። አራጌን ካየሽው ስንት ወርሽ? ሳይከፈለው ዝም ብሎ የሚጭነው አንችን አክብሮ ነው እኮ።"

መይሙና ድስቱን በአመድ መፈተጓን ቀጠለች። "ልጄ፣ የሞተበት ሰው ዋጋ ሲያነብ አስቢው። ስልኩን ከፍቶ፣ እያለቀሰ።"

"ሳጥን ሲገዛስ ዋጋ አይጠይቅም? ከፈኑን ሲገዛስ?"

መይሙና ድስቱን አስቀመጠች። "ተይው ብያለሁ" ብላ ተነሳች። ነሲባም ስልኩን ኪሷ ከታ ክፍሏ ገባች።

ያ ባዶ መስመር ባዶ እንደሆነ ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መይሙና ዛሬም ትጠይቃለች። ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። በመጀመሪያ የአንድ እህል ነጋዴ እናት አረፉ። ሰውየው መጋዘን ያለው፣ መኪና ያለው ሰው ነው። ትልቁን ድንኳን ሙሉውን ሳምንት አቆይቶ ሲመልስ የሸራው መሐል በምድጃ እሳት ተቃጥሎ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረበት። አራጌ ቀዳዳውን ቢያሳየው "ለቅሶ ነው እንጂ ንግድ ነው እንዴ? አላህን አትፈሩም?" ብሎ የአንድ ቀን የጫኝ ሒሳብ እንኳ የማይሆን ብር እጁ ላይ ጣለለት። ሁለተኛው የባሰ ነበር። መይሙና የነሲባን ልብስ ልታጥብ ስትሰበስብ ከአልጋው ሥር አንዲት የትከሻ ቦርሳ አገኘች። ውስጧ የስፖርት ጫማ፣ የቴምር እሽግ፣ የውሃ ኮዳና የትምህርት ማስረጃዋ ፎቶ ኮፒ ነበር። መይሙና ቦርሳዋን እንደነበረች መልሳ አስቀመጠቻት፤ ልብሱንም ሳታጥበው ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው የቅሬው ዳኛ ጋሽ አላምረው ዘንድ ነው። ጋሽ አላምረው ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ዱቄት ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ከጦርነቱ በፊት ቅሬው የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ሳህን ነበረው፤ እሱም ከሌላው ጋር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ቅሬው የሚኖረው በመይሙና ዕቃና በሳቸው ልመና ነው።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ቦርሳዋ ስትናገር ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አንቱ ምን ይሉኛል ጋሽ አላምረው? ልጻፈው?"

ሽማግሌው ቅንድባቸው ላይ ያለውን ዱቄት በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "ጻፊው" አሉ። "ልጅሽን ከምታጭ ጻፊው። ማንም አይፈርድብሽም፤ የፈረደብሽን እኔ እመልስልሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ኋላ አልነገረኝም እንዳትይ።"

"ይንገሩኝ።"

"ዋጋ ከጻፍሽ እኔ መሀረብ ይዤ አልዞርም። እስከዛሬ የምዞረው 'መይሙና ድንኳኗን ሰጠችን፣ እኛስ ምን እንስጣት' እያልኩ ነው። የተጻፈ ዋጋ ሲሆን ግን የባለ ለቅሶው ዕዳ ነው። ለሰው ዕዳ ቤት ለቤት ዞሬ ብለምን የሚሰጠኝ የለም። ቅሬው ከንፍሮው በቀር አቅም የለውም፤ ታውቂያለሽ።"

መይሙና ሰማች፤ ግን ጆሮዋ ብቻ ነው የሰማው። ልቧ ቦርሳዋ ጋ ነበር። ቤቷ ገብታ ነሲባን ጠራቻትና "ጻፊው" አለቻት።

ነሲባ ጻፈችና አሳየቻት። "ቀንሽው" አለች መይሙና። ቀነሰችው። "ትንሽ ቀንሽው።" ነሲባ ከዚህ በታች የአራጌንና የጋሪውን እንኳ አይችልም አለች። ለሦስቱ የሐዘን ቀን ዋጋው በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ አንድ መካከለኛ በግ የሚያወጣውን ያህል ነበር። ያን ቀን ማታ ነሲባ ምግብ ሠራች፤ ሳቀችም። ከሳምንት በኋላ መይሙና ከአልጋው ሥር ስታይ ቦርሳዋ ባዶዋን ነበረች። መሬት ላይ ተደፍታ ሱጁድ አደረገች።

የሆነው ነገር ቀስ ብሎ ነው የመጣው። የተጣላት የለም፤ ደጇ መጥቶ የተቆጣም የለም። ከጎብዬ አንድ ሰው ደውሎ "ለቀብሩ ቀን ብቻ ቢሆንስ ስንት ታስቡልናላችሁ?" አለ። ሌላው ድንኳኑ ይቅርብን ወንበር ብቻ ላኩልን አለ። ሦስት ቀን የሚቀመጡ ሰዎች በማግስቱ መነሳት ጀመሩ። አራጌ አንድ ከሰዓት ቋሚ ተደግፎ ሲያርፍ "እትዬ፣ ድሮ ለቅሶው እስኪበርድ እንጠብቅ ነበር። አሁን አፍራሹ መጣ መጣ እያሉ እኔን ሲያዩ ይነሳሉ" አላት። ቆይቶ ከነጭራሹ የማይደውሉት በዙ። መይሙና ገበያ ስትወርድ ኡኡታ ትሰማለች፤ ድንኳን ግን አታይም፤ የማን ቤት ነው ብላ ትጠይቃለች።

በሌላ ወገን ደግሞ ስልኩ ከሩቅ ይጮህ ጀመር። ሪያድ ያለ የሮቢት ከተማ ልጅ አባቱ ሞቶበት ገጹን አግኝቶ ደወለ። እያለቀሰ ትልቁን ድንኳን፣ ሁሉንም ወንበር፣ ድስቱንም ብሎ አዘዘና ገንዘቡን በባንክ ወዲያው ላከ። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ነሲባ ደስ እንዳላት እንዳታሳይ እየተጠነቀቀች "አየሽ እማ" ትላለች። ሸራው ተጠገነ። አራጌም ተከፈለው። መይሙና "አልሀምዱሊላህ" ትልና ደስታው ሳይመጣላት ይቀራል።

የብዙነሽ ልጅ ይርጋ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እናቱን የሚጦር፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ መይሙናን "እታለም" የሚላት ልጅ። አንድ ቀን በማለዳ ሰው ይዞ ወደ ሮቢት ሲወጣ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከየት በኩል እንደተተኮሰ የሚናገር ይለያያል፤ የሚያረጋግጥ ግን የለም። ተሳፋሪዎቹ ቦይ ውስጥ ገብተው ተረፉ። ይርጋ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

መይሙና ጩኸቱን ስትሰማ ጫማ እንኳ አላደረገችም። በአጥሩ ቀዳዳ፣ ልጆቹ ትንንሾች ሳሉ ይመላለሱባት በነበረችው፣ ሾልካ ገባች። ብዙነሽን አቅፋ አብራ ወደቀች። ቀብሩ በዚያው ቀን ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰዉ ግቢው ውስጥ ሜዳ ላይ ተኮለኮለ። የከሰዓቱ ፀሐይ እንደ እሳት ነበር። መይሙና ወደ አጥሩ ዞራ እንደ ባሏ "አራጌ፣ ጫን!" አለች።

አራጌ ትልቁን ድንኳን አመጣ። የመጀመሪያዎቹን ካስማዎች መትቶ ቋሚውን ሲያቀና ብዙነሽ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ፊቷን ቧጥጣዋለች። ድምጿ ግን አይጮኽም ነበር።

"አራጌ፣ ካስማውን ንቀለው።"

አራጌ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ፤ መይሙናን አያት።

"ብዙዬ" አለች መይሙና፣ "ፀሐይ ነው። ሰው ይሙት እንዴ? ተይው ይትከለው።"

"ዋጋው ተጽፏል መይሙ። የለኝም።"

"ማን ዋጋ ጠየቀሽ? ምን ማለትሽ ነው ብዙነሽ? ይርጋ የኔስ ልጅ አይደለም?"

"ነው። አዝለሽዋል።" ብዙነሽ ትንፋሽ ሰበሰበች። "ያን የጻፋችሁ ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከስልኩ አነበበልኝ። 'እማ፣ እንግዲህ እኛ ቤት መሞት አይቻልም' ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም ሳቅን።"

መይሙና እጇን ዘረጋች፤ ብዙነሽ እጇን አልገፋችውም፣ ግን አልያዘችውም።

"ሰሞኑን እዚህ ሰፈር የሞተባቸው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አልቅሰዋል" አለች። "እኔም ሄጄ አብሬ ተቀምጫለሁ። የጻፍሽው ለሁላችን ነው። እኔን ከሁሉ ለይተሽ ጥላ ብትሰጭኝ ነገ የማንን ፊት አያለሁ? ተይኝ። ልጄን እንደ ሰዉ ላልቅስለት።"

መይሙና ወደ ጋሽ አላምረው ዞረች። ሽማግሌው ከወንዶቹ ጋር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ቀና አላሉም። አራጌ ካስማዎቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ብረቱ ጋሪው ላይ ሲወድቅ ድምፁ ከኡኡታው በላይ ተሰማ።

መይሙና አልሄደችም። ሦስቱንም ቀን ከሴቶቹ መሐል ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ቦታ ለቀቁላት። አንዷ ጃንጥላዋን ወደሷ አዘነበለችላት። ንፍሮ ሲዞር ብዙነሽ በዓይኗ "ለመይሙም ስጧት" አለች፤ ሰጧት። ማንም ክፉ ቃል አልወጣውም። መይሙና ንፍሮውን እጇ ላይ ይዛ፣ አንዷ ብድግ ብላ ብትሰድባት እንኳ ደስ ይላት እንደነበር አሰበች። ንፍሮውን ሳትበላው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤቷ ይዛው ገባች።

በአራተኛው ቀን ነሲባን "አጥፊው" አለቻት።

ነሲባም ስታለቅስ ነው የሰነበተችው፤ ይርጋ ወንድሟ ነበር። "እማ፣ ይርጋን ዋጋው አልገደለውም" አለች።

"አጥፊው ብያለሁ።"

አጠፋችው። መስመሩ እንደገና ባዶ ሆነ። የጠፋው ግን ከስልኩ ላይ ብቻ ነበር። መይሙና ያዘነ ቤት ሁሉ ራሷ እየሄደች "ድንኳን ላምጣ" ማለት ጀመረች። ሰዎቹ "አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን፣ ለአንድ ቀን ምን ያደርጋል፣ ጥላውም ይበቃል" ይሏታል። አንድ ወጣት ሐዘንተኛ ብቻ በግልጽ "ዋጋው ጨምሮ ነው የተነሳው?" ብሎ ጠየቃት። ጋሽ አላምረውን መሀረቡን እንዲያነሱ ለመነቻቸው። እሳቸውም ሞከሩ፤ ሁለት ቤት ሄደው ተመለሱ።

"ሰዉ የሚሰጠኝን ከዚያ ዋጋ ጋር እያስተያየ ያፍራል" አሏት። "ድሮ አምስት ብር የሰጠ ሰው ሰጠሁ ብሎ ቀና ብሎ ይሄድ ነበር። አሁን አምስት ብር ይዞ መውጣት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ በሩን አይከፍትልኝም። ይቅርብን መይሙና። ሰውን አታሳቅቂብኝ።"

ከውጭ የሚደውሉትም ቀሩ። አንዱ "ዋጋ የማይጽፍ ቤት ያታልላል" ብሎ ሌላ ዘንድ እንዳዘዘ ነሲባ ሰማች። ወንበሮቹ በረንዳው ላይ አቧራ ጠጡ። አራጌ አንድ ጠዋት መጥቶ እጁን እያሻሸ "እትዬ፣ ወልድያ የግንባታ ሥራ አለ ብለውኛል" አላት፤ ሂድ ማለትም ቅር ማለትም አቅቷት ቁርስ አቀረበችለት። በዚያው ሳምንት ከነሲባ ክፍል የትርሲት ሳቅ በስልኩ ይሰማ ጀመር። መይሙና ከሱብሂ በኋላ በበሩ ቀዳዳ ማጮለቋን ቀጠለች። አንድ ማለዳ ከአልጋው ሥር እጇን ሰደደች። ቦርሳዋ ከብዳ ነበር።

ያን ዕለት ማንንም አላማከረችም፤ የሚማከርም አልቀረም። ነሲባ ፊቷን ታጥባ ስትመጣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

"መልሰሽ ጻፊው" አለቻት።

"የቱን?"

"የለቅሶውን። እንደነበረው።"

ነሲባ እናቷን ብዙ አየቻት። ከዚያ ስልኳን አወጣች። አውራ ጣቷ ሲንቀሳቀስ መይሙና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዋጋው አሁንም እዚያው አለ፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያነበዋል። ሥራው ከድሮው አይከፋም ይባላል። የሚያዝዙት ጅዳና ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት ያሉ፣ ወላጆቻቸውን መቅበር ያልቻሉ ልጆች ናቸው። ዓረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ነጭ ድንኳን ተተክሎለት ይለቀስለታል፤ የሌለው ግድግዳ ተጠግቶ ጥላው ሲዞር አብሮ እየዞረ ያለቅሳል። ሁለቱ ለቅሶ አንድ ሰፈር ውስጥ ሲገጥም ሰው ከግድግዳው ሥር ተነስቶ ወደ ድንኳኑ ሲሻገር ይታያል። አራጌ አልሄደም። ነሲባም አለች፤ ቦርሳዋን ገበያ ይዛት ትወጣለች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሞላባታለች። መይሙና ልጇን እያየች ሹክር ታደርጋለች፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ይሄዳል።

ከብዙነሽ ጋር አልተጣሉም። መንገድ ላይ ሲገናኙ "ደህና ዋልሽ?" "አልሀምዱሊላህ፣ አንችስ?" "እግዜር ይመስገን" ይባባላሉ። ብዙነሽ የአጥሩን ቀዳዳ አልዘጋችውም፤ የሚሾልክበት ግን የለም። በበጋው መጨረሻ ላይ ጎብዬ ያለው ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። ቤቱን ስትቆልፍ መይሙና ከበረንዳዋ ሆና አየቻት። ተነስታ ልትሄድ ፈለገች። ምን ብላ እንደምትጀምር እያሰበች ሳለች ብዙነሽ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከታ፣ ጥቅሏን አንስታ፣ ወንድሟ ያቆመው ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ነሲባ ከውስጥ "እማ፣ ከሮቢት ደውለዋል፤ ትልቁ ድንኳን ነጻ ነው ወይ ይላሉ" አለቻት።

"ነጻ ነው በያቸው" አለች መይሙና፤ ባጃጁ ገበያውን ዞሮ እስኪጠፋም ከዚያ አልተነሳችም።